ነጥቡ ለምን ልደታ ይቀራል?

በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ 469 ሺህ ቶን ገደማ ቡና ወደ ውጭ ልካ 2.65 ቢሊዮን ዶላር አገኘች። በቀደመው ዓመት የተላከው ከ298 ሺህ ቶን ጥቂት የሚበልጥ፣ የተገኘውም 1.43 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ሳይርቅ፣ በአንድ ላኪ ድርጅት የቅምሻ ክፍል ውስጥ ለምንሠራ ሰዎች ዜናው አዲስ አልነበረም። በናሙናው ብዛት አውቀነዋል፤ መደርደሪያው ሞልቶ ወለሉም ላይ ተደርድሮ ነበር።

በዚህ ዕድገት ደስ ይለኛል፤ ሆኖም ስለ እሱ ሲወራ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የአንድ አገር የቡና ምርት በአንድ ዓመት ከግማሽ በላይ ያድጋል ብዬ አላምንም። ችግኝ ተተክሎ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል፤ የተጎነደለ ግንድም ሁለት ዓመት ያስጠብቃል። እንግዲህ ያ ሁሉ ቶን ከየት መጣ? በቀደሙት ዓመታት የተተከለውና የተጎነደለው ድርሻ እንዳለው አምናለሁ። ከፊሉ ግን በየመጋዘኑ ተይዞ የቆየና በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረ ቡና ይመስለኛል፤ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በሕጋዊው በር መውጣቱ አዋጭ ሆነለት። ዋጋውም ቢሆን ከእኛ ማሳ የመጣ አይደለም። ብራዚልን ድርቅ መታት፣ በየካቲት 2017 የኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ደረሰ። ገቢያችን አድጓል። ገበሬው ከአንድ ሄክታር የሚያገኘው ግን ለብዙ ዓመታት በአማካይ ከ6 እስከ 8 ኩንታል ሲዋልል የኖረ ነው። ቬትናም ከ25 ኩንታል በላይ ታገኛለች፤ እርግጥ የእነሱ ሮቡስታ ነው፣ መስኖና ማዳበሪያም ይጠጣል።

ዋጋ ደግሞ ይወርዳል። በ1994 ዓ.ም. አካባቢ የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወድቅ ሐረርጌ ውስጥ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ብዙ ነው። የከፍተኛው ዋጋ ዘመን ሲያልፍ ማሳው ላይ ምን ይቀራል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳኝ ለዚህ ነው።

ከሥራዬ የማየውን ልናገር። ለእያንዳንዱ ናሙና አምስት ኩባያ እናዘጋጃለን፤ በ8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ላይ 150 ሚሊ ሊትር ትኩስ ውኃ ይፈስሳል። ከአራት ደቂቃ በኋላ ከላይ የረጋውን በማንኪያ ሰብረን እናሸታለን። አራቱ ኩባያዎች አበባና ሎሚ ሲሸቱ አምስተኛው የበሰበሰ ነገር ሊሸት ይችላል። አንድ የተበላሸ ፍሬ ኩባያ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ናሙናው የወጣበት ሎት በሙሉ ደረጃው ይወርዳል። ቀማሽ ደግሞ መበላሸቱን ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የተበላሸበትንም ቦታ ያውቃል። ሳይበስል የተለቀመ ፍሬ ሣር ሣር ይላል፣ አፍ ያደርቃል። የማብላያ ገንዳ ውስጥ ከልክ በላይ ያደረ ቡና ሆምጣጤ ይሸታል። የማድረቂያ አልጋ ላይ ወፍራም ተደርጎ የተሰጣ ወይም ዝናብ የነካው ሻጋታውን ይዞ ይመጣል። ይህን ሁሉ ከነጥቡ ጋር ቅጹ ላይ እጽፋለሁ። ገዢው ያየዋል፣ ዋጋ ይቆረጥበታል። ጌዴብ ወይም ቤንሳ ላይ ፍሬውን የለቀመችው ሴት ግን አትሰማውም።

በአንድ ወቅት ውጤቱ ወደ ገበሬው የሚመለስበት መንገድ ራሱ ተዘግቶ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከታኅሣሥ 2001 ጀምሮ ቡናን በአካባቢና በደረጃ መድቦ ሲያገበያይ፣ ከረጢቱ መጋዘን ሲገባ የባለቤቱ ስም ይቀር ነበር። ምርት ገበያው ከባድ ችግር እንደፈታ አልክድም፤ ሻጭ ገንዘቡን ሳይከዳ በማግስቱ ያገኛል፣ የፈረሱላውም ዋጋ በሰሌዳ ላይ ለሁሉም ይታያል። ሆኖም ጎበዙ አጣቢና ሰነፉ በአንድ ስም ይሸጡ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቡናው ከነምንጩ እንዲሸጥ በሩን ከፈተ። መንገዱ አለ፤ መልእክቱን የሚያደርስ ሰው ግን የለም።

አንድ የጌዴኦ አቅራቢ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ የናሙናቸውን ውጤት ሊጠይቁ ቅምሻ ክፍል መጥተው ነበር። «ጋሼ፣ ቡናዎ ጥሩ ነው፤ የሦስተኛው ሳምንት ለቀማ ግን ያልበሰለ ፍሬ በዝቶበታል» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ይህን ያህል ዘመን ስሸጥ ዋጋ እንጂ ነጥብ የነገረኝ የለም» አሉኝ። በቡና ማጠቢያ ሳይታቸው ላይ እሸት ቡና በኪሎ የሚገዛው ቀይም ይሁን አረንጓዴ በአንድ ዋጋ እንደሆነም ነገሩኝ። ወቅቱ ሲጦፍ ገዢ በገዢ ላይ ስለሚሻማ የሚመርጥ የለም። ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና በሚሆንበት ሥራ፣ ለቃሚዋ አስተውላ ብትለቅም ቅርጫቷ ዘግይቶ ይሞላል እንጂ የምታተርፈው የለም።

ዕውቀት ማሳ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ የምናውቀው ከራሳችን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቡና ፍሬ በሽታ ገብቶ ዛፎቹን ባዶ ሲያስቀር፣ የጅማ ግብርና ምርምር ሰዎች በሽታውን የቻለ ዛፍ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ዞሩ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች በፈረንጆቹ 1974 ከኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ከሚገኘው ከቢሻሪ ጫካ የተመረጡ ናቸው። ዛሬ ከጉጂና ከሲዳማ በሚመጣልኝ ናሙና መግለጫ ላይ እነዚህን ቁጥሮች ደጋግሜ አነባለሁ። ያ ጫካ ከዚያ በፊትም ሀብት ነበር፤ ለገበሬው ኩንታል የሆነው ተመራማሪ ገብቶ ሲመርጥ፣ የችግኝ ጣቢያም ሲያባዛው ነው።

ጉንደላ ግን ከዕውቀት በላይ ገንዘብ ይፈልጋል። ያረጀውን ዛፍ መቁረጥ እንደሚያዋጣ ገበሬው ያውቃል። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ግን ሁለት ዓመት ያለ ገቢ ምን ይበላል? ባንክ ለላኪው በውሉ ያበድረዋል፣ የገበሬውን ዛፍ ግን በመያዣነት ሲቀበል ብዙም አይታይም። ከ2.65 ቢሊዮኑ ትንሽ ድርሻ ለእነዚያ ሁለት ዓመታት ብድር ቢውል፣ ለአገር ከዚህ የተሻለ ሥራ ብዙ አይታየኝም።

እኛ አሁን የቅምሻውን ውጤት ለየሳይቱ ኃላፊ በቴሌግራም በድምፅ መላክ ጀምረናል፤ በጌዴኦኛ፣ በሲዳምኛ፣ በአፋን ኦሮሞ የሚያስረዱ ባልደረቦች አሉን። መልሱ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ገንዳው ላይ ስንት ሰዓት እንጨምር? ዝናቡ ከቀደመ አልጋውን በምን እንሸፍን? ይህን ቀማሽ ብቻውን አይመልሰውም። የምርምር ማዕከል ባለሙያ በለቀማው ወቅት እዚያው ሳይቱ ላይ መገኘት አለበት፤ የመጓጓዣውንና የአበሉን ወጪ ደግሞ ከ2017ቱ ዋጋ ያተረፍን ላኪዎች ልንሸፍነው እንችላለን።