የሱስ ፈተና ከዒድ በኋላ ነው

ጫት የለመደ ጾመኛ በረመዷን ከንጋት እስከ መግሪብ ቅጠሉን ወደ አፉ አያስጠጋም። ሌላ ጊዜ ቀትር ሲያልፍ ሐራራው የሚያስጨንቀው ሰው አሁን ታግሦ ይውላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁንና ከኢፍጣር በኋላ ሌሊቱን ሙሉ የሚቅም ከሆነ ሰዓቱን ቀየረ እንጂ ሱሱን ተወ አይባልም።

ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ለምትገኘው እንሴኖ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራና አካባቢዋ ከ10 ሺሕ በላይ ጎልማሶችን ጠይቀው ያደረጉት ጥናት በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ግማሾቹ በወቅቱ ጫት ይቅሙ ነበር። ከቃሚዎቹ 80 በመቶዎቹ የሚቅሙት ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ እንደሆነ ገልጸዋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ጫት የሥራ ፈት ወጣት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአባትና የእናት፣ የጎረቤትም ጉዳይ ነው።

በማረሚያ ቤትና በማገገሚያ ማዕከል የሚታየውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሰውየው ከለመደው ነገር ተለይቶ ወራት ሲያሳልፍ ቤተሰብ «ዳነ» ይላል። ነገር ግን ያራቀው ቦታው ሊሆን ይችላል። አንድ የማገገሚያ ሥራ ውጤታማ ነው የሚባለው ሰውየው ከበሩ ከወጣ በኋላ በሚኖረው ኑሮ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከእስር የተፈቱ ሰዎችን የተከታተለና በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከመጠን ባለፈ አደንዛዥ ዕፅ የመሞት አደጋቸው ከሌላው ሕዝብ 129 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል። ጫት እንደ ሄሮይን አይገድልም፤ የበሩ ፈተና ግን ያው ነው። በአገራችን ጫት በሕግ ያልተከለከለ በመሆኑ፣ ከማረሚያ ቤት የተፈታ ሰው ገና መናኸሪያ ሲደርስ ያገኘዋል።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ጥናት ተቋም ከ90 ቀን ያነሰ የማዕከል ሕክምና ውጤቱ ውስን እንደሆነ ይገልጻል። በማረሚያ ቤት የተጀመረ ሕክምናም ከፍቺ በኋላ በውጭ ክትትል ሲቀጥል የተሻለ ይጸናል። ሥራ፣ አዲስ የጓደኛ ክበብና የሚጠይቅ ቤተሰብ የሕክምናው አካል ናቸው።

ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊደክመው፣ እንቅልፍ ሊያበዛና ዱካክ ሊያስቸግረው ይችላል። ይህን «ሰነፍ» ብሎ መዝለፍ ወደ ቅጠሉ መመለስ ነው። ድምፅ የሚሰማው፣ ሰው ሁሉ የሚያሳድደው የሚመስለው ወይም ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ቡታጅራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው፤ ከፍ ያለ ሕክምና ለሚያስፈልገው አዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። ብዙ አልኮል በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ደግሞ በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥና ሊጥለው ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ከረመዷን መጀመሪያ 90 ቀን ቢቆጠር ሸዋልንና ዙልቃዕዳን አልፎ ከዓረፋ ወር ደጃፍ ያደርሳል። ዓረፋ ደግሞ ከአዲስ አበባም ከሌላም ያለው ልጅ ወደ አገር ቤት የሚገባበት ነው። በዒድ ማግስት «እንኳን አደረሰህ» ያለ ዘመድ፣ በእነዚያ ሁለት ወራት መሀልም «እንዴት ሰነበትክ?» ብሎ ቢጠይቅ ለሰውየው ትልቅ ድጋፍ ነው።