አራስ ሊጠይቁ ሲሄዱ እጅዎን አስበዋል?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጎረቤትዎ ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባዎ በሰላም ተገላግላ ሆስፒታል ተኝታለች። አጥሚቱን በፔርሙስ፣ ገንፎውን በሳህን ይዘው ታክሲ ይሳፈራሉ። የታክሲውን በር ከፍተዋል፤ ብር ቆጥረው ከፍለዋል፤ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ወጥተዋል። ከክፍሉ ሲደርሱ አራሷን አገላብጠው ይስማሉ፤ ከአልጋዋ ጫፍ ቁጭ ይላሉ፤ ቀጥሎም «እስቲ ልየው» ብለው ሕፃኑን ያቅፋሉ። ጣትዎን በመዳፉ ቢያስገቡለት ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ያንኑ እጁን ደግሞ ወዲያው ወደ አፉ ይወስደዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፋት የለም። ያለመጠየቅ እንጂ መጠየቅ ነውር ሆኖ አያውቅም። ይሁን እንጂ ከታክሲው በር አንሥቶ እስከ ሕፃኑ አፍ ድረስ ያለው መንገድ አንድም ቦታ ላይ በውሃና በሳሙና አልተቋረጠም። ዛሬ ልናነጋግርዎ የፈለግነው ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ሰው ሊድን በገባበት ሐኪም ቤት ውስጥ ሌላ በሽታ ይይዘዋልን? አዎን፣ ይይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በበለጸጉት አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙት 100 ሕሙማን 7ቱ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ደግሞ 15ቱ በዚያው በተኙበት ቢያንስ አንድ አዲስ ተላላፊ በሽታ ያገኛቸዋል። ምክንያቱን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ሆስፒታል ማለት የተለያየ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰበሰቡበት ቤት ነው። ከዚህም ሌላ የታመመ ሰው በር የተከፈተበት ቤት ይመስላል። ኦፕራሲዮን የተደረገ ቁስል አለው፤ በክንዱ የግሉኮስ መርፌ፣ አንዳንዴም የሽንት ቱቦ ገብቶለታል። ተሐዋስያን የሚፈልጉት ይህንኑ በር ነው። አራስ ብትሆን ደግሞ እንግዴ ልጁ የተላቀቀበት የማኅፀኗ ግድግዳ ራሱ ከዓይን የተሰወረ ትልቅ ቁስል ነው።

እነዚህ ተሐዋስያን ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄዱት በአብዛኛው በሰው እጅ ነው። ይህ በግልጽ የታየውም ከአራሶች አልጋ አጠገብ ስለ ሆነ ታሪኩን ባጭሩ ብናወሳው ይጠቅማል።

በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና በሚገኘው ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው የሚያዋልዱት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ሲሆኑ፣ በሁለተኛው አዋላጆች ነበሩ። ክፍሎቹ ነፍሰ ጡሮችን የሚቀበሉት በቀን ተራ ስለ ነበረ አንዲት ሴት ወደየትኛው እንደምትገባ የሚወስነው ምጥ የያዛት ቀን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 በሐኪሞቹ ክፍል ከ100 እናቶች ከ11 በላይ ሞቱ። በአዋላጆቹ ክፍል የሞቱት ግን ከ100 ሦስት አይሞሉም። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት ነበር። እናቲቱ ከወለደች በኋላ ያንቀጠቅጣታል፣ ሆዷ ይነፋል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ትሞታለች። የከተማይቱ ሴቶች ይህን ከሐኪሞቹ ቀድመው ያውቁ ነበር። በሐኪሞቹ ተራ ቀን የመጣች ነፍሰ ጡር ወደዚያ እንዳያስገቧት ተንበርክካ ትለምን ነበር። ይባስ ብሎ በመንገድ ላይ የወለዱት እንኳ ከእነዚያ ይልቅ በሕይወት ይተርፉ ነበር።

በዚያ ክፍል ይሠራ የነበረ ኢግናትስ ዜመልቫይስ የተባለ የሀንጋሪ ተወላጅ ወጣት ሐኪም ነገሩ እንቅልፍ ነሣው። አንዳንዶች አየሩ ተበክሏል ይሉ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ክፍሎች የሚተነፍሱት አንድ አየር ነው። ሌሎች ደግሞ ለሟቾች ጸሎት የሚያደርሱት ቄስ ቃጭል እያስመቱ በሐኪሞቹ ክፍል ስለሚያልፉ ድንጋጤው ነው የሚገድላቸው አሉ። ዜመልቫይስ ቄሱ ያለ ቃጭል በሌላ መንገድ እንዲገቡ አደረገ፤ ሞቱ ግን አልቀነሰም። የአተኛኘታቸውንም ሁኔታ ለወጠ፤ ይህም አልረዳም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1847 ኮሌችካ የተባለ ባልደረባው አስከሬን በመመርመር ላይ ሳለ የአንድ ተማሪ ቢላዋ ጣቱን ወጋውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር የታየው ምልክት በአራሶቹ ሬሳ ላይ ይታይ የነበረው ዓይነት ነበር። ዜመልቫይስ ያን ጊዜ ገባው። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት በሬሳ ክፍል አስከሬን ሲመረምሩ ይቆዩና ከዚያ በቀጥታ ወደ ማዋለጃው ይመጡ ነበር። አዋላጆቹ ግን የሬሳ ክፍል አይገቡም። ልዩነቱ ይኸው ነበር።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ማንኛውም ሰው ወላድ ከመንካቱ በፊት ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ እጁን እንዲታጠብ አዘዘ። ይህ ውሃ ዛሬ ለልብስ ከምንጠቀምበት በረኪና ጋር ዘመድ ነው። ከትእዛዙ በፊት በነበረው ሚያዝያ ከ100 እናቶች 18 ሲሞቱ፣ በሐምሌ ግን ሁለት አልሞሉም። በቀጣዩ በ1848 በሙሉ ዓመቱ የሞቱት ከ100 ከአንድ እምብዛም አይበልጡም። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ አዲስ መሣሪያም አልተገዛም።

ሐኪሞቹ አመሰገኑት ብለው ይጠብቁ ይሆናል። ብዙዎቹ ተቆጡ። የተከበረ ሐኪም እጅ ገዳይ ነው መባሉን ለመስማት አልፈለጉም። ዜመልቫይስ ሥራውን አጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1865 በ47 ዓመቱ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ሞተ። የገደለውም የተመረዘ ቁስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 የፈረንሳዩ ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር የአራስ ትኩሳትን የሚያመጣውን ተሐዋሲ አሳየ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን በገባ ጊዜ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የውሃ በርሜልና ሳሙና ቆሞ ነበር። ልጆች ሳይቀሩ እስከ ክርን ይታጠቡ ነበር። ቆይቶ ብዙዎቹ በርሜሎች ደረቁ። ኮሮና አስተማረን፤ እኛ ግን ትምህርቱ ለአንድ በሽታ ብቻ የተሰጠ አስመሰልነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከወቀሳው አታመልጥም። እኅቷን ለመጠየቅ ሄዳ ከአልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ቦርሳዋንም ከትራሱ አጠገብ አስቀምጣ ስታወራ ከቆየች በኋላ ነው ቦርሳው በመንገድ ላይ የት የት እንደ ተቀመጠ ትዝ ያላት።

እንግዲህ እርስዎ ሲሄዱ ምን ያድርጉ? ጉንፋን፣ ሳል፣ ተቅማጥ ወይም በገላዎ ላይ ሽፍታ ካለብዎ አይሂዱ። ስልክ ይደውሉ፣ አጥሚቱን በሌላ ሰው ይላኩ። ለአራስ የሚደረግ ትልቅ ክብር አንዳንዴ መቅረት ነው። የሚሄዱ ከሆነ ክፍሉ ከመግባትዎ በፊት እጅዎን በውሃና በሳሙና ይታጠቡ። መዳፉን ብቻ አርሶ ማራገፍ መታጠብ አይባልም። የእጅን ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣትንና የጥፍርን ሥር ሁሉ ማሸት ያስፈልጋል። ይህም ሲጀመር እስኪያልቅ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይወስዳል። እጅዎ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለበት በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ማሸት ይበቃል። ሲወጡም ይህንኑ ይድገሙ፤ ቤትዎ የሚጠብቁዎ ልጆች አሉና። ተንቀሳቃሽ ስልክዎንም ለሕመምተኛዋ «ፎቶ እይ» ብለው ከመስጠትዎ በፊት ቢጠርጉት መልካም ነው። እጅ ይታጠባል፤ ስልክን ግን የሚያጥብ የለም።

ከአልጋው ላይ አይቀመጡ። የሌላይቱን ሕመምተኛ ቁስል፣ ፋሻ ወይም ቱቦ አይንኩ፤ ግሉኮሱ ቆሟል ብለውም በራስዎ አያስተካክሉ፣ ነርሷን ይጥሩ። ሕፃኑን ከንፈሩና እጁ ላይ አይሳሙት። የሳንባ ነቀርሳ በአየር ስለሚተላለፍ በክፍሉ መስኮት ይከፈት ሲባል «ብርድ ይመታታል» ብለው አይከራከሩ፤ ለአራሷ ጋቢ ይደርቡላት። ሐኪሙ አንድን ሕመምተኛ ለብቻው ያስተኛ እንደ ሆነም ቤተሰቡ እንደ ስድብ ሊቆጥረው አይገባም። ለብቻ ማስተኛት በሽታው እንዳይዛመት የሚደረግ እንጂ ሰውን ማግለል አይደለም።

አስታማሚ ሆነው የሚያድሩ ከሆነ ኃላፊነትዎ ይበልጣል። በአገራችን ሕመምተኛን የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው፣ ሽንቱን የሚደፋው ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው። ሽንት ደፍተው በዚያው እጅ እንዳያጎርሱ። የጎረቤት አልጋዋ ሴት ዘመድ ስለሌላት «እኔ ልርዳሽ» ማለትዎ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ከአንዷ ወደ አንዷ ሲሄዱ በመካከል ይታጠቡ። ሲያድሩበት የቆዩትን ጋቢም ቤት እንዳደረሱት ከልጆች ልብስ ጋር ሳይቀላቅሉ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡት።

ሐኪሙን ወይም ነርሷን «ታጥበዋል?» ብሎ መጠየቅ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው። ይሉኝታ ይይዘናል፤ ተቆጥተው እንዳይበድሉንም እንፈራለን። አጠያየቁ ግን ያቀለዋል። «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልኮሉ እዚህ አለ» ብሎ ማቀበል ይቻላል። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። ፍርድ ሳናጓድል ግን፣ ቧንቧው ውሃ በሌለበት ክፍል ብዙ ሕሙማን ብቻዋን የምትጠብቅ ነርስ ሁልጊዜ እንድትታጠብ መጠየቅ ለእርሷም ፈተና ነው። ውሃ የለም ከተባለ ቅሬታው ወደ ሆስፒታሉ አስተዳደር እንጂ ወደ እርሷ ብቻ አይሂድ።

ስለ ጓንትም አንድ ነገር እንበል። ጓንት ያጠለቀ ሰው ሁሉ ንጹሕ ይመስለናል። ጓንቱ የሚከላከለው ለለበሰው ነው። በአንድ ጓንት ሦስት አልጋ ከተዞረ ለሦስተኛዋ ሕመምተኛ ከባዶ እጅ አይሻልም።

መርፌን በተመለከተ ደግሞ «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚሉ ብዙ አሉ። በክኒን ሊድን የሚችለውን በሽታ በመርፌ ካልሆነ ማለት ቆዳን ያለ ምክንያት መክፈት ነው። መርፌ የግድ ከሆነ በፊትዎ ከታሸገበት ሲወጣ ይመልከቱ። እንደ ቀድሞው መርፌ ቀቅሎ ለሁለተኛ ሰው የሚወጋበት ጊዜ አልፏል። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራበት መርፌ ወዲያው ለዚሁ በተሠራው ሳጥን ውስጥ መጣል አለበት። ልክ እንደዚሁ «ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ይታዘዝልኝ» ብሎ ሐኪምን ማስጨነቅ ይቅር። መድኃኒቱ አላግባብ በተወሰደ ቁጥር ደካሞቹ ተሐዋስያን ሲሞቱ የበረቱት ይቀራሉ፣ ይራባሉ። በሆስፒታል ውስጥ ጨቅላ ሕፃናትን የሚያጠቁት አንዳንዶቹ በዚህ ሁኔታ መድኃኒት የተለማመዱ ናቸው።

አንባቢያችን የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ከሆኑ ይህ ለእርስዎ ነው። በቆሻሻ መካከል የተጣለ መርፌ አደጋው ከሁሉ በፊት በእርስዎ ላይ ነው። ወፍራም ጓንትና የተሸፈነ ጫማ ሳይሰጥዎ ቆሻሻ አያንሡ፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። መርፌ ከወጋዎት ቦታውን በውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ አይጭመቁት። በዚያው ሰዓት ለኃላፊዎ ያስታውቁ። ኤች.አይ.ቪ. እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት የሚረዳው ፈጥኖ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። «ያባርሩኝ ይሆናል» ብሎ መደበቅ ያን ጊዜ ያባክናል።

አራሷ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ከገባች በኋላም ነገሩ አላለቀም። በሆስፒታል የገባ ተሐዋሲ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው በቤት ውስጥ ነው። በሕፃኑ እትብት ላይ ቅቤም ሆነ አመድ አይደረግ፤ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። አራሷ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላት፣ የሚፈሳት ደም ከሸተተ፣ ታችኛው ሆዷን ከቆረጣት፣ የተሰፋው ቁስል ከቀላ ወይም መግል ከያዘ «የአራስ ነገር ነው፣ ያልፋል» አይባልም። ሕፃኑም ጡት እምቢ ካለ፣ ገላው ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ የእትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም ሰውነቱ ከዛለ እንዲሁ። የክርስትናውን ቀንም ሆነ የክትባቱን ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ዕለት ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው፤ የት እንደ ወለደችና መቼ እንደ ወጣችም ለሐኪሙ ይንገሩት።