ትንኝን ለማጥፋት እንቁራሪት ትበቃለች?

ዝናብ ሲጀምር በዐጋሚም ሰፈር፣ በዶራ የክረምት ኩሬ (ሽሉሊት ሆሬፍ) በኩል፣ ማታ ማታ የእንቁራሪት ድምፅ ይሰማል። ግቢ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ «እንቁራሪት ትንኝ ትበላለች፤ እኔም ትንሽ ኩሬ ሠርቼ ባኖራትስ?» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን የሚከተለውን እወቁ።

እንቁራሪትና ጉርጥ በእርግጥ ነፍሳት ይበላሉ፤ ዝንብ፣ የእሳት ራት፣ ፌንጣ፣ ጥንዚዛ ያገኙትን ይውጣሉ። ትንኝ ግን ለእነርሱ ትንሽ ጉርሻ ናት። ጅራት ያላቸው ልጆቻቸውም በአብዛኛው የሚመገቡት ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ነው። የትንኝን እጭ በብዛት የሚበሉት የውሃ ተርብ እጮችና ሌሎች የውሃ ነፍሳት ናቸው። እነርሱም የሚበዙት በቆየ ኩሬ ነው። በአዲስ ገንዳ ቀድማ የምትደርሰው ትንኟ ናት፤ በበጋ ሙቀትም ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል።

ጉዳዩ እንቅልፍ ከማጣት ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በእስራኤል ትንኝ በምታስተላልፈው የምዕራብ ናይል ትኩሳት ከ900 በላይ ሰዎች ታመው ከ70 በላይ ሞተዋል። በሽታው በተለይ የሚከብደው በአረጋውያን ላይ ነው።

እንቁራሪት ከኩሬው ማምጣት ክልክል ነው

በእስራኤል እንቁራሪትና ጉርጥ በሕግ የተጠበቁ የዱር እንስሳት ናቸው። ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ ቤት ማኖር ያስቀጣል። ልጆቻችሁ ከዶራ በጣሳ ይዘው እንዳይመጡ ንገሯቸው። የትንኝ እጭ የሚበላውን ጋምቡዝያ የሚባለውን ዓሣም ወደ ክረምት ኩሬ አትጣሉ፤ የእንቁራሪት ልጆችንም ይጎዳል።

ምን እናድርግ?

1. በየሳምንቱ በግቢና በሚርፔሴት የቆመ ውሃ ድፉ፦ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳሕን፣ ባልዲ፣ አሮጌ ጎማ፣ የውሻ ውሃ መጠጫ።
2. ዕቃውን በብሩሽ ፈትጉት። ቀን የምትናከሰው የነብር ትንኝ እንቁላሏን በዕቃው ጠርዝ ላይ ትለጥፋለች፤ እንቁላሉም ደርቆ ለወራት ሊቆይ ይችላል።
3. የውሃ በርሜልን በወንፊት መረብ አጥብቃችሁ ክደኑ።
4. ኩሬ ካላችሁ ውሃው የሚንቀሳቀስበት ፓምፕ ይኑረው። ዙሪያውንም እጠሩ፤ ጥልቀት የሌለው ውሃም ሕፃን ያሰጥማል።
5. በጋራ ሕንፃ ምድር ቤት ውሃ ከተኛ ለቫዓድ ባይት ንገሩ። በመንገድ ወይም በመናፈሻ ካያችሁ ወደ ዒሪያው ሞቄድ 106 ደውሉ፤ የጥሪውን መለያ ቁጥርም ጻፉ።

እንቁራሪት በራሷ ፈቃድ ግቢያችሁ ከገባች አትንኳት፤ በአካባቢዋም የነፍሳት መርዝ አትርጩ። የተጎዳች ካገኛችሁ ወደ ተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ኮከብ 3639 ደውሉ።