ቆርምድ ሳይቀድም

የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ የወሎ ደጋ ባቄላ ላይ ሁለት በሽታዎች ይነሣሉ። አንደኛው ባለሙያዎች ቸኮሌት ስፖት የሚሉት ነው፤ ቦትራይቲስ ፋቤ የተባለ ፈንገስ ቅጠሉን ቡናማ ነቁጥ ያለብሰዋል፣ እርጥበቱ ከቀጠለም ቅጠልና አበባ ያረግፋል። ሁለተኛው ቆርምድ ይባላል። ቅጠሉን አጨማዶ አረንጓዴ እባጭ ያወጣበታል፤ እባጩ ውሎ አድሮ ቡናማ ይሆናል፣ ቅጠሉም ይደርቃል። በኢትዮጵያ የታወቀው በ2003 ዓ.ም. ገደማ ነው። መንስኤው ለዓመታት ኦልፒዲየም ነው ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ፊሶደርማ መሆኑን አሳየ።

መድኃኒት መርጨት አንድ መንገድ ነው። ነገር ግን ማንኮዜብ የተባለው ፀረ ፈንገስ ቅጠል ላይ የሚቀመጥ መከላከያ በመሆኑ ዝናብ ያጥበዋል፤ ደጋግሞ መርጨት ግድ ይላል። ለጥማድ ለማትሞላ የባቄላ ማሳ መርጫውም፣ ጓንቱም፣ ጭንብሉም ወጪ ነው። ትልቁ ሥራ ከመርጨት በፊት መጀመር ያለበት ለዚህ ነው።

ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲኬድ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሥሩ የማሾና የማሽላ ቆላ፣ ከበላዩ የባቄላ ደጋ። ለሁለቱ አንድ ምክር አይበቃም።

ለደጋው መጀመሪያው ሥራ ውሃ ማንጣፈፍ ነው። ውሃ በቋጠረ ዋልካ ላይ ሥሩን የሚያጠቁር ብስባሽ ይበረታል፤ መደብና ቦይ ማውጣት ያቃልለዋል። ቀጥሎ ገለባው ነው፤ የቸኮሌት ስፖት ፈንገስ በማሳ ላይ በቀረ የባቄላ ትራፊ ይከርማል። ገብስ ወይም ስንዴ አፈራርቆ መዝራት የሚጠቅመው ፈንገሱ እነዚህን ስለማያጠቃ ነው። ቀላቅሎ መዝራትም ይሠራል፦ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሙከራ ባቄላ ከበቆሎ ጋር ሲዘራ የቸኮሌት ስፖት ጉዳት እንደሚቀንስ አሳይቷል። አባቶች ሲቀላቅሉ የኖሩት በከንቱ አልነበረም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ትራይኮደርማ ነው። ራሱም ፈንገስ ነው፤ አፈር ውስጥ ይኖራል፣ በሽታ አምጪው ፈንገስ ላይ ይጠመጠማል፣ የሕዋሱን ግድግዳ በኢንዛይም ያሟሟል፣ ምግቡንም ይሻማዋል። ዘር ላይ ተለውሶ ወይም ከኮምፖስት ጋር ተደባልቆ ይሰጣል። ሕያው ነገር ስለሆነ ግን ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሞታል፤ ከፀረ ፈንገስ ኬሚካል ጋርም አይቀላቀልም። በሽታው ማሳውን ከወረረ በኋላ ብዙ አይጠበቅበትም።

ቆርምድ ግን ከሌሎቹ በሽታዎች ሁሉ ይጸናል፤ ስፖሩ አፈርና ገለባ ውስጥ ከርሞ በውሃ ይዛመታል። ስለዚህ ከታመመ ማሳ ዘር አለመያዝና ታጋሽ ዝርያ መዝራት ይቀድማሉ። ከወልድያ በስተሰሜን ያለው የአላማጣ ግብርና ምርምር ማዕከል «ሀሸንጌ» የተባለ፣ ቆርምድን የሚታገሥ ባቄላ አውጥቷል። የጉባ ላፍቶና የመቄት ገበሬ ከሰኔ በፊት እጁ ሊገባለት የሚገባው እንዲህ ያለ ዘር ነው።