የኢ-ሜይል ዜና መጽሔትና የአንባቢው አደራ

የኢንተርኔት አገልግሎት መስፋፋትን ተከትሎ ድርጅቶች፣ ማኅበራትና ግለሰቦች ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያስተዋውቁባቸው መንገዶች በዓይነትም በቁጥርም ጨምረዋል፡፡ ከእነዚህ መካከል በዕድሜ አንጋፋ ቢሆንም ጠቀሜታው ያልቀነሰው፣ በተለምዶ ኒውስሌተር እየተባለ የሚጠራው የኢ-ሜይል ዜና መጽሔት ነው፡፡ ዜና መጽሔቱ አስቀድመው ፈቃዳቸውን ለሰጡ አንባቢያን በተወሰነ ጊዜ ልዩነት የሚላክ አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ ለመጀመር ማተሚያ ቤትም ሆነ ከፍተኛ ካፒታል አያስፈልገውም፡፡ ያለ አንባቢው አመኔታ ግን ሊዘልቅ አይችልም፡፡

የኢ-ሜይል ታሪክ ራሱ ይህንኑ ያስረዳል፡፡ አሜሪካዊው የኮምፒዩተር መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በአርፓኔት መረብ አማካይነት ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ መልእክት በመላክ፣ የተጠቃሚውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም የሚለየውን የ“አት” ምልክት ሥራ ላይ አዋለ፡፡ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1978 ጋሪ ተርክ የተባለ የዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽን ባልደረባ፣ የኩባንያውን ኮምፒዩተሮች የሚያስተዋውቅ መልእክት ወደ 400 ለሚጠጉ የመረቡ ተጠቃሚዎች ፈቃዳቸውን ሳይጠይቅ ላከ፡፡ ብርቱ ተቃውሞ የገጠመው ይህ ድርጊት የመጀመሪያው አይፈለጌ መልእክት ወይም ስፓም ተደርጎ ይጠቀሳል፡፡ ዜና መጽሔትን ከአይፈለጌ መልእክት የሚለየው የተቀባዩ ፈቃድ መሆኑ እስከ ዛሬም አልተለወጠም፡፡

የማኅበራዊ ትስስር ገጾች በበዙበት ዘመን የኢ-ሜይል ዜና መጽሔት ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል፡፡ አንድ ድርጅት በእነዚህ ገጾች ብዙ ተከታዮችን ቢያፈራም፣ መልእክቱ ለስንቶቹ እንደሚታይ የሚወስነው የገጹ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ነው፡፡ አገልግሎቱ ሲዘጋም ተከታዮቹ አብረው ይበተናሉ፡፡ ጉግል ፕላስ ለግል ተጠቃሚዎች ይሰጥ የነበረው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2019፣ ያሁ ግሩፕስ ደግሞ በ2020 መዘጋታቸው ለዚህ አብነት ናቸው፡፡ የዜና መጽሔት ማሰራጫዎችም ቢሆኑ ከመዘጋት አያመልጡም፤ ሬቭዩ በ2023፣ ታይኒሌተር በ2024 ሥራቸውን አቁመዋል፡፡ ይሁን እንጂ በእነዚህ ይገለገሉ የነበሩ አዘጋጆች የአንባቢዎቻቸውን አድራሻ ዝርዝር አውርደው ወደ ሌላ ማሰራጫ የመሸጋገር ዕድል ነበራቸው፡፡ በመሆኑም ዝርዝሩን በየጊዜው እያወረዱ በጥንቃቄ ማስቀመጥ የአዘጋጁ ቀዳሚ ተግባር ሊሆን ይገባል፡፡

ዝርዝሩን ከማሰባሰብ በፊት ግን ዜና መጽሔቱ ለማን፣ ስለ ምን እና በምን ያህል ጊዜ እንደሚላክ በግልጽ መወሰን ያሻል፡፡ ቡናን በቀጥታ ለውጭ ገበያ የሚያቀርብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን በምሳሌነት እንውሰድ፡፡ የውጭ አገር ቡና ቆዪዎች ማወቅ የሚፈልጉት የዩኒየኑን አመራር ንግግር ሳይሆን፣ ለቀማው መቼ እንደተጀመረ፣ የዝናቡ ሁኔታ ፍሬውን እንዴት እንዳደረገው፣ የታጠበና ያልታጠበ ቡና ናሙና መቼ እንደሚደርስ ነው፡፡ ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የሚከናወን በመሆኑ፣ በእነዚህ ወራት በየሁለት ሳምንቱ፣ በቀሪው ጊዜ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ መላክ በቂ ሊሆን ይችላል፡፡ በየሳምንቱ እልካለሁ ብሎ ከሚያቋርጥ ይልቅ በወር አንድ ጊዜ ቃሉን ጠብቆ የሚልክ አዘጋጅ የተሻለ ተአማኒነት ያገኛል፡፡

የአንባቢውን ፈቃድ ለማግኘት የሚመረጠው ዘዴ ድርብ ማረጋገጫ የሚባለው ነው፡፡ በዚህ አሠራር አንባቢው አድራሻውን በድረ-ገጽ ላይ ካስመዘገበ በኋላ የማረጋገጫ መልእክት ይደርሰዋል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባውም መልእክቱን ከፍቶ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው፡፡ ይህም በስህተት የተጻፉ አድራሻዎችንና ሌላ ሰው ያለ ባለቤቱ ዕውቅና ያስመዘገባቸውን ለመለየት ይረዳል፡፡ በአንጻሩ አድራሻዎችን በጅምላ መግዛት ወይም በስብሰባ ላይ ከተሰበሰቡ የስም ካርዶች ላይ ሳያስፈቅዱ መገልበጥ ውሎ አድሮ ጉዳት የሚያስከትል አካሄድ ነው፡፡

ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው፡፡ በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ ምርትን ወይም አገልግሎትን ለማስተዋወቅ በማሰብ ከተቀባዩ ቅድሚያ ፈቃድ ሳይገኝ የማስታወቂያ መልእክት በኢ-ሜይል ማሰራጨትን የሚመለከት የቅጣት ድንጋጌ ይዟል፡፡ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስብ ወገን ያለበትን ኃላፊነት ይደነግጋል፡፡ አንባቢዎቹ በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ የየአገሩን ሕግ ማወቅም ያስፈልጋል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2004 መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ሕግ በእያንዳንዱ የንግድ መልእክት ላይ የላኪው ትክክለኛ የፖስታ አድራሻ እንዲሰፍር፣ አልፈልግም ያለ ተቀባይም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ያዛል፡፡ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የመረጃ ጥበቃ ደንብም ፈቃድን ማንሳት ፈቃድን የመስጠትን ያህል ቀላል እንዲሆን ያስገድዳል፡፡

ቀጣዩ ጉዳይ መልእክቱ ከተቀባዩ ዘንድ መድረሱን የማረጋገጥ ቴክኒካዊ ሥራ ነው፡፡ ድርጅቱ በራሱ የዶሜን ስም ቢልክ ይመረጣል፡፡ በዶሜኑ መዝገብ ላይም ሦስት ማረጋገጫዎች ሊሰፍሩ ይገባል፡፡ ኤስፒኤፍ የተባለው በዶሜኑ ስም መልእክት እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ኮምፒዩተሮች ይዘረዝራል፡፡ ዲኪም መልእክቱ በመንገድ ላይ አለመለወጡን የሚያሳይ ዲጂታል ማኅተም ነው፡፡ ዲማርክ ደግሞ ማረጋገጫውን ያላለፈ መልእክት ምን እንዲደረግበት ለተቀባዩ አገልግሎት ያመለክታል፡፡ ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት ከሚልኩ ወገኖች እነዚህን ማረጋገጫዎችና በአንድ ጠቅታ ምዝገባን መሰረዝ የሚያስችል አሠራር ይጠይቃሉ፡፡ ስፓም ነው የሚል አቤቱታም 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ያስጠነቅቃሉ፤ ይህም ከ1 ሺህ መልእክቶች 3 ማለት ነው፡፡

ይህ አኃዝ ትንሽ ቢመስልም የሚያስከትለው መዘዝ ቀላል አይደለም፡፡ ከላይ የተጠቀሰው ዩኒየን የተገዛ ዝርዝር ተጠቅሞ ዶሜኑ በአይፈለጌ መልእክት ላኪነት ቢፈረጅ፣ ችግሩ በዜና መጽሔቱ ብቻ አይወሰንም፡፡ በዚያው ዶሜን የሚላኩት የዋጋ ማቅረቢያ፣ የውል ሰነድና የክፍያ መጠየቂያም በገዢው የስፓም ሣጥን ውስጥ ተቀብረው ሊቀሩ ይችላሉ፡፡ ሥራውን በግል የኢ-ሜይል ሣጥን ለማከናወን መሞከርም ችግር አለው፡፡ ነፃው ጂሜይል በቀን ከ500 በላይ ተቀባዮችን አያስተናግድም፤ አድራሻዎቹ ሁሉ በግልጽ መስመር ከተጻፉ ደግሞ የእያንዳንዱ አንባቢ አድራሻ ለሌሎቹ ይጋለጣል፡፡

በአማርኛ ለሚዘጋጅ ዜና መጽሔት ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሥርዓት ከመካተቱ በፊት የተሠሩ የፊደል ዓይነቶች በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ ከሌሉ ጽሑፉ ትርጉም አልባ ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ጽሑፉ በዩኒኮድ ሊጻፍ ይገባል፡፡ በኢ-ሜይል በስፋት በሚሠራበት የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፡፡ ጂሜይል ደግሞ 102 ኪሎባይት ገደማ የሚያልፈውን መልእክት ቆርጦ ስለሚያሳይ፣ ረጅሙን ጽሑፍ በድረ-ገጽ ላይ አስቀምጦ በዜና መጽሔቱ ውስጥ አሳጥሮ ማቅረብ ይበጃል፡፡

የመላኪያ ሰዓትም ታሳቢ መደረግ አለበት፡፡ ከአዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የተላከ ጽሑፍ ሪያድ ላሉ አንባቢዎች በተመሳሳይ ሰዓት ሲደርስ፣ በዋሽንግተን ግን እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ይሆናል፡፡ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢላክ ግን በዋሽንግተን ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ፣ በሪያድ ደግሞ ሥራ በሚጠናቀቅበት አካባቢ ይደርሳል፡፡

ውጤቱን ለመመዘን ስንት ሰው ከፈተው የሚለው ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፡፡ አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ያስተዋወቀው የኢ-ሜይል ምስጢር መጠበቂያ አንባቢው ያልከፈተውን መልእክት እንደተከፈተ ሊያስቆጥር ይችላልና፡፡ ይልቁንም ስንቶቹ መልስ ጻፉ፣ ስንቶቹ ናሙና ጠየቁ ወይም ዝርዝሩን በድረ-ገጹ ላይ አነበቡ የሚለው የተሻለ መለኪያ ነው፡፡ የማይሠሩ አድራሻዎችን ማውጣትና ለረጅም ጊዜ ምላሽ ያልሰጡትን መቀጠል ይፈልጉ እንደሆነ መጠየቅም የዘወትር ሥራ ሊሆን ይገባል፡፡

“አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ” እንዲሉ አበው፣ አንባቢው አድራሻውን ሲሰጥ ለአዘጋጁ አደራ ማስረከቡ ነው፡፡ በመሆኑም በሺህ የሚቆጠር የተገዛ አድራሻ ከመያዝ፣ ወደውና ፈቅደው በተመዘገቡ 50 አንባቢዎች መጀመር ለዘለቄታው የሚበጅ መንገድ ነው፡፡