“ሲስተም የለም” የሚያስከፍለው ዋጋ
የኔትዎርክ መሣሪያዎችን በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል ለወገዳ ገበያ ምን ይፈይዳል?

“ሲስተም የለም!” የባንክ ደንበኛ የሆነ ሁሉ ይህችን አባባል ጠንቅቆ ያውቃታል። አዲስ አበባ ላይ የሰማት ሰው ቢበዛ መንገድ ተሻግሮ ሌላ ባንክ ይሞክራል። የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ወገዳ ግን ነገሩ ይከብዳል። ጤፍ ወይም ፍየል ሊሸምት የመጣ ነጋዴ ገንዘቡ በባንክ እያለ ገበያ መሐል ባዶ እጁን ይቆማል። ገበሬው ደግሞ ያመጣውን እህል ወይ መልሶ ይጭናል፣ አለዚያም ጥሬ ገንዘብ በኪሱ ለያዘው ለአንዱ ገዢ በወረደ ዋጋ ያስረክባል። መስመር በተቋረጠ ቁጥር የገዢዎች ፉክክር ይጠፋል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሻጩ ነው። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሴፍቲኔት ስሙ ለሚነሳ አካባቢ ይህ ቀላል ኪሣራ አይደለም።

መስመር የሚቋረጥበት ምክንያት ብዙ ነው። መብራት ይጠፋል፤ ገመድ ይቆረጣል። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበረም አይዘነጋም። እነዚህን የሚፈታ ሶፍትዌር የለም። ይሁንና ብዙም የማይነገርለት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም የሰው እጅ ስህተት ነው።

እያንዳንዱ የባንክ ቅርንጫፍ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚገናኘው ራውተርና ስዊች በሚባሉ መሣሪያዎች አማካይነት ነው። መሣሪያዎቹ መረጃው በየት እንዲያልፍ፣ ማን እንዲገባና ማን እንዳይገባ የሚነግራቸው ዝርዝር ትእዛዝ በውስጣቸው ይጻፋል። ባለሙያዎች ይህን ኮንፊገሬሽን ይሉታል። በተለመደው አሠራር አንድ ቴክኒሻን ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ በየተራ እየገባ ትእዛዙን በእጁ ይጽፋል። አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች ቅርንጫፉ ከመረቡ ሊወጣ ይችላል።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ባንክ 400 ቅርንጫፎች አሉት እንበል። በሁሉም ላይ አንድ የደኅንነት ለውጥ ለማድረግ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ቢፈጅ 100 የሥራ ሰዓት ይጠይቃል። ይህም የአንድ ሰው የ12 ቀን ተኩል ሥራ ነው። ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳሳት እንኳ አራት ቅርንጫፎች ይዘጋሉ። ከአራቱ አንዱ ወገዳ ላይ ቢሆን ስህተቱን ለማረም ባለሙያ ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ታቦር መኪና አስነስቶ፣ ከወረታ–ወልድያው ዋና መንገድ ወጥቶ መጓዝ ሊኖርበት ነው። ነዳጁና አበሉ የባንኩ ወጪ ነው። ያመለጠው የገበያ ቀን ግን በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ለዚህ ችግር ዓለም ያበጀው መፍትሔ የኮንፊገሬሽን ማስተዳደሪያ መሣሪያ ይባላል። የመጀመሪያው ሲኤፍኢንጅን በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በማርክ በርጀስ እ.ኤ.አ. በ1993 ተሠራ። ፐፐት በ2005፣ አንሲብል ደግሞ በ2012 ተከተሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መሣሪያው እንዲሆን የሚፈለገው ሁኔታ በአንድ ፋይል ይጻፋል፤ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ራውተር ይመረምርና የጎደለውን ብቻ ያሟላል። የተስተካከለውን አይነካም። አንድ ሥራ ዐሥር ጊዜ ቢታዘዝም ውጤቱ ያው ነው።

አንሲብል በኔትዎርክ ባለሙያዎች ዘንድ የተወደደበት ምክንያት ራውተሩ ላይ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ስለማያስፈልገው ነው። ቴክኒሻኑ ራሱ በሚጠቀምበት የምስጢር መስመር ገብቶ ይሠራል። ብዙ ራውተሮች የውጭ ፕሮግራም ስለማያስጭኑ ይህ ትልቅ ብልጫ ሆኖለታል።

ለእኛ አገር ሌላም ጥቅም አለው። የኢትዮጵያ የቴሌኮም መረብ የአንድ ፋብሪካ ውጤት አይደለም። ዜድቲኢ በ1999 ዓ.ም የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ውል ያዘ፤ በ2005 ዓ.ም ሁዋዌይና ዜድቲኢ የ1.6 ቢሊዮኑን ማስፋፊያ ተካፈሉ፤ በ2007 ዓ.ም ኤሪክሰን ተጨመረ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳኔት ደግሞ የሲስኮን መሣሪያዎች ይጠቀም ነበር። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው የትእዛዝ ቋንቋ አላቸው። በአንዱ የሠለጠነ ባለሙያ ለሌላው እንግዳ ነው። የማስተዳደሪያው ሶፍትዌር እንደ አስተርጓሚ መሐል ገብቶ ክፍተቱን ያጠባል።

ዋጋውስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ ለድርጅቶቻችን ራስ ምታት ነው። አንሲብል ግን በነጻ የሚወርድ ሶፍትዌር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የገዛው ሬድ ሃት ገንዘብ የሚያስከፍለው ለድጋፍና ለተጨማሪ አገልግሎት ነው። ስለዚህ ዋናው ወጪ የሰው ሥልጠና ነው፤ እርሱም በብር የሚከፈል ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት የሚያስመርቋቸው የኮምፒዩተር ተማሪዎች በአንድ ላፕቶፕና በአሮጌ ራውተር ሊለማመዱት ይችላሉ።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። እጅ ሲሳሳት አንድ ቅርንጫፍ ይዘጋል፤ ማሽን ሲሳሳት ግን 400ው በአንድ ጊዜ ሊዘጉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም የጠፋው በጥገና ወቅት በተሰጠ አንድ ትእዛዝ ነው። ስህተቱን ያግዳል የተባለው መቆጣጠሪያ ራሱ ጉድለት ስለነበረበት ሳያግደው ቀረ። መሐንዲሶቹም በርቀት መግባት ስላልቻሉ ወደ ማዕከሎቹ በአካል ለመሄድ ተገደዱ። በጁላይ 8 ቀን 2022 የካናዳው ሮጀርስ አንዲት ማጣሪያ ከራውተሮቹ ኮንፊገሬሽን በመሰረዟ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞቹን አገልግሎት አሳጣ፤ በአገሪቱ የካርድ ክፍያም ተስተጓጎለ።

የእኛም አገር ትምህርት አላት። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰው ችግር የራውተር ጉዳይ አልነበረም። ባንኩም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑንና ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታውቋል። ሆኖም ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር መድረሱ፣ ለውጥን ያለ በቂ ፍተሻ ማሠራጨት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ያሳያል።

መድኃኒቱ አሠራር ነው። ለውጡ መጀመሪያ በሙከራ መሣሪያ ላይ፣ ቀጥሎ በሁለት ወይም በሦስት ቅርንጫፎች፣ በመጨረሻም በሁሉም ላይ ይተገበራል። የቀድሞው ኮንፊገሬሽን ተቀምጦ ይቆያል። ለውጡን የጻፈውና ያጸደቀው ሰው አንድ አይሆኑም። አንዳንድ መሣሪያዎች ደግሞ ብልህ መጠባበቂያ አላቸው። በጁኒፐር ራውተር ላይ ለውጡን “ካላረጋገጥሁልህ መልሰው” ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ቴክኒሻኑ በተወሰነው ጊዜ፣ ካልተቀየረ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ማረጋገጫ ካልሰጠ ራውተሩ ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አዲስ አበባ ላይ የተሰጠ የተሳሳተ ትእዛዝ የወገዳን መስመር ቢዘጋ፣ ከጉዞ ይልቅ የ10 ደቂቃ ትዕግሥት ይበቃል ማለት ነው።

“ታዲያ የቴክኒሻኖቹ እንጀራስ?” የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አንድን ትእዛዝ 400 ጊዜ መጻፍ የሚቀር ሥራ ነው። የማይቀረው ሥራ ትእዛዙን ማሰብ፣ መፈተሽና ሲበላሽ ምክንያቱን ማወቅ ነው። ይህን ለሚችል ሰው የሚከፈለው ደመወዝ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ለመጀመሪያው ዓይነት ሥራ ብቻ የሠለጠነውን ግን ካሁኑ ማሠልጠን የአሠሪው ኃላፊነት ነው።

በየወረዳው ቅርንጫፍ ለመክፈት የሚሽቀዳደሙ ባንኮችና አነስተኛ የብድር ተቋማት በዓመታዊ ሪፖርታቸው የቅርንጫፍ ብዛት መቁጠር ይወዳሉ። ባለአክሲዮኖች በሚቀጥለው ጉባኤ ሌላ ቁጥር ቢጠይቁ መልካም ነው፦ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በዓመት ስንት ሰዓት ተዘጋ? ከዚያስ ስንቱ በራሳችን እጅ ስህተት? መልሱ በመዝገብ ካልተያዘ፣ ወጪውን የወገዳ ገበሬ በእህሉ ዋጋ ላይ መክፈሉን ይቀጥላል።