ሳይሰሙ ስለ ሞቱት

በናይሮቢ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ገሃነም አለ ወይስ የለም የሚል ጥያቄ እምብዛም አይነሳም። ተማሪው አለ ብሎ ነው የሚመጣው። የሚያስጨንቀው፣ ማን ይገባበታል የሚለው ነው፤ ይህም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በአያት ይጀምራል። ከቱርካና ወይም ከፖኮት የመጣ ተማሪ አያቱ እንግዳ ተቀባይ፣ ሰው የማይበድሉ፣ ፈጣሪን የሚፈሩ እንደነበሩ፣ ነገር ግን ወንጌል ወደ መንደራቸው ሳይደርስ እንደሞቱ ይናገራል። ከዚያ፣ «አሁን የት ናቸው?» ይላል። መምህሩ የሚሰጠውን መልስ ይህ ልጅ ለዕረፍት አገሩ ሲገባ ለእናቱ ይነግራታልና ቃሉ ተመዝኖ መነገር አለበት።

ጥያቄው እንዲህ ወደ ቤት የቀረበው ክርስትናው ገና ወጣት ስለሆነ ነው። ለአክሱም ወይም ለላሊበላ ሰው ያልተጠመቀው ቅድመ አያት ስሙ የማይታወቅ የሩቅ ዘመን ሰው ነው። በወላይታ ወይም በከምባታ ላደገ ሰው ግን የኬንያዊው ጭንቀት እንግዳ አይሆንበትም። በኬንያ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ሥራ የተጀመረው በ1844 ዓ.ም. ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጀማሪው ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ቀደም ሲል በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ተቀምጦ ነበር፤ ወደዚያ መመለስ ቢከለከል ነው ወደ ሞምባሳ የወረደው። ወደ መሐል አገር ለመዝለቅ ግን ግማሽ ምዕት ዓመት ወስዷል። የአፍሪካ ኢንላንድ ሚሽን መሥራች ፒተር ካሜሮን ስኮት በካምባ ሕዝብ ምድር፣ ንዛዊ ላይ የሰፈረው በ1895 ሲሆን በዓመቱ በበሽታ ሞተ። ከሰሜኑ ቆላ ደግሞ ብዙው ስብከት የሰማው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ካነሡት ሁሉ ስሙ የሚቀድመው ጆን ምቢቲ ነው። በ1931 በኪቱይ አካባቢ ሙላንጎ ተወለደ፤ ያደገውም በዚያው ሚሽን ትምህርት ነው። በማኬሬሬ ተምሮ፣ በ1963 በካምብሪጅ የዶክትሬት ጥናቱን ጨርሶ የአንግሊካን ቄስ ሆነ። ያ ጥናት በ1971 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ ርዕሰ ጉዳዩም የአዲስ ኪዳን የመጨረሻ ዘመን ትምህርት በካምባ ሰዎች ዘንድ እንዴት ተሰማ የሚል ነው። ምቢቲ ገሃነምን፣ እሳትን፣ የሰማይዋን ከተማ፣ መብሉንና መጠጡን፣ እንባውንና ሥቃዩን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ሚሲዮናውያኑ ሲሰብኩት ሰሚው ምን እንደተረዳ መረመረ። ያገኘው የሚያሳዝን ነበር። ሰሚው ሥዕሉን እንደ ሥዕል አልያዘውም፤ እሳቱን እንደ ምድጃ እሳት፣ ከተማዋን እንደ ናይሮቢ አድርጎ ወሰደ፤ ሁሉም ነገ ከነገ ወዲያ እንደሚሆን ጠበቀ። ምክንያቱን ምቢቲ በጊዜ አረዳድ አስረዳ፤ በነባሩ አስተሳሰብ ዛሬና ያለፈው ዘመን ሰፊ ናቸው፣ ሩቅ መጪ ጊዜ ግን ቦታ የለውም አለ። ይህ አባባሉ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል። ጋናዊው ፈላስፋ ክዋሜ ጄኬ የአካንን አስተሳሰብ ምስክር አድርጎ ምቢቲ ከአንድ አካባቢ ያየውን ለአህጉሩ ሁሉ አድርጎታል ሲል ተችቷል፤ ትችቱም ልክ ነው። ስለ ስብከቱ ያለው ግን አልፈረሰም። እሳትን ብቻ እየሰማ ያደገ ምእመን እሳቱን ይዞ ክርስቶስን ሊስት ይችላል፤ ይህን የናይሮቢ አገልጋይ በየሳምንቱ ያየዋል።

ምቢቲ ሌላም ነገር ነካ። በካምባና በብዙ ሕዝቦች እምነት የሞተ ሰው ስሙን የሚያውቁ፣ ፊቱን የሚያስታውሱ ዘመዶች እስካሉ ድረስ ከቤተሰቡ አይለይም፤ ምቢቲ እነዚህን ሕያዋን ሙታን ይላቸዋል። እንግዲህ የዚህ ቤተሰብ ግማሽ ተጠምቆ ግማሹ ሳይሰማ ሞቶ ከሆነ፣ መዳን ቤተሰቡን ለዘላለም ሊከፍለው ነው ማለት ነው? በመጽሐፉ መጨረሻ ምቢቲ ወደ ተስፋ አዘነበለ፤ ከእግዚአብሔር መንፈስ ለዘላለም ሸሽቶ የሚያመልጥ ነፍስ አይኖርም ወደሚል አሳብ።

መልሱ የመጣው ከናይጄሪያዊው ቢያንግ ካቶ ነው። ካቶ በ1936 በናይጄሪያ፣ በባህላዊ እምነት ቤተሰብ ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ ለባህላዊው እምነት አገልግሎት ተሰጥቶ ነበር። በሚሽን ትምህርት ቤት ክርስቶስን አምኖ፣ በለንደንና በአሜሪካ ዳላስ ተማረ። በ1973 የአፍሪካና የማዳጋስካር ወንጌላውያን ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆነ። በ1975 በኪሱሙ ያሳተመው መጽሐፍ በአፍሪካ ነገረ መለኮት ላይ ያሉትን ወጥመዶች የሚዘረዝር ሲሆን ሰፊውን ቦታ የያዘው ከምቢቲ ጋር ያደረገው ሙግት ነው። ሁሉም በመጨረሻ የሚድን ከሆነ የክርስቶስ ሞት ለምን አስፈለገ? ንስሐ የሚገባስ ለምንድን ነው? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ለጻድቃን ሕይወትና ለኃጥአን ቅጣት የተሰጠው ዘላለማዊነት አንድ ከሆነ፣ አንዱን አጽንቶ ሌላውን ማላላት አይቻልም አለ። የካቶን ሙግት የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። ካቶ ራሱ ከባህላዊ እምነት ቤተሰብ የወጣ ነው፤ የጻፈው ስለ ሌላ ሰው ዘመድ ብቻ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት አምስተኛ ጉባኤውን በናይሮቢ አካሄደ። ጉባኤው በተዘጋ በዘጠነኛው ቀን፣ ዲሴምበር 19 ቀን፣ ካቶ በሞምባሳ ባሕር ሰምጦ ሞተ። ዕድሜው 39 ነበር። ክርክሩም ያለ ባለቤቱ ቀረ። በእሱ ራእይ የተነሣው የናይሮቢ ወንጌላዊ የድኅረ ምረቃ ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በ1983 ተከፈተ። ምቢቲ በስዊዘርላንድ እያስተማረና ምእመናን እየጠበቀ ኖሮ በ2019 አረፈ።

ከሁለቱ ማን ልክ ነው ለሚል ተማሪ ሐቀኛው መልስ ይህ ነው፦ ካቶ ማስጠንቀቂያውን ማንም እንዳያቃልለው ማድረጉ ልክ ነው፤ ስለ ገሃነም በወንጌል ከሁሉ በላይ የተናገረው ራሱ ጌታ ነውና። ነገር ግን እነዚያ ቃላት የተነገሩት ለሚሰማ ሰው፣ ገና ሊመለስ ለሚችል ሰው ነው። በሞቱት ላይ የተጻፈ የስም ዝርዝር አድርጎ የሚያነብባቸው ሰው ያልተሰጠውን ሥልጣን ወስዷል። የምቢቲም ድካም እዚህ ላይ ነው፤ ተስፋ የሆነውን ነገር ወደ እርግጠኝነት እንዳያስጠጋው መጠንቀቅ ነበረበት። ለሰው ሁሉ መዳን መጸለይ ይቻላል፣ ይገባልም፤ ሁሉም እንደሚድን ማወጅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ክርክሩ በሁለቱ አልተጀመረም። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ኦሪጀን ፍጥረት ሁሉ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል የሚል አሳብ ሰነዘረ፤ ከስሙ ጋር የተያያዙት ትምህርቶች በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ተወገዙ። የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ግን ተመሳሳይ ተስፋ ይዞ ሳለ እስከ ዛሬ ከቅዱሳን አባቶች ይቆጠራል። ከናይሮቢ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች የተለየ መንገድ ይዘዋል። በ1906 በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ጌንዲያ ላይ ሥራ የጀመሩት አድቬንቲስቶች ነፍስ በራሷ የማትሞት አይደለችም፣ ክፉዎችም በመጨረሻው እሳት ፈጽመው ይጠፋሉ ብለው ያስተምራሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወዲህ፣ በ1964 ሰነዷ፣ ያለ ጥፋታቸው ወንጌልን ያላወቁ፣ ግን እግዚአብሔርን በቅን ልብ ፈልገው ኅሊናቸውን የተከተሉ ሰዎች መዳንን ሊያገኙ እንደሚችሉ ትናገራለች። ለአያቱ የሚጨነቅ ተማሪ ከሁሉ ረጅም ጊዜ የሚቆይባት ገጽ ይህች ናት።

በናይሮቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ውይይት የራሳቸውን ይዘው ይገባሉ። በተዋሕዶ ትምህርት ሲኦል ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩበት፣ ገሃነም ደግሞ ከፍርድ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ለሞተው የሚደረገው ፍትሐትና ጸሎት ትርጉም አለው፤ ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ሁሉ በዚህ ላይ ቆመዋል። በቀዳም ስዑር ምእመናን በራሳቸው ላይ የሚያስሩት ቄጤማ ክርስቶስ ወደ ሲኦል ወርዶ አዳምን ከነልጆቹ ነፃ ማውጣቱን ያበሥራል። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክም የታወቀ ነው፤ 78 ሰው የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ። መምህራን ታሪኩን ሲተርኩ ኃጢአትን ለማደፋፈር እንዳልሆነ ሳያስጠነቅቁ አያልፉም።

ይህ ጥንቃቄ የቆየ ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ራእየ ጴጥሮስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀኖና ውጭ ቢሆንም ለየኃጢአቱ የተመደበውን ቅጣት በዝርዝር ከሚያሳዩት የክርስቲያን ጽሑፎች ቀዳሚው ነው። ግሪኩ በግብፅ አክሚም በቁራጭ ተገኘ፤ የተሟላውን ይዞ ያቆየው ግን ግእዝ ሲሆን፣ በ1910 ፈረንሳዊው ሲልቫን ግሬቦ በኅትመት ለዓለም አወጣው። በግእዙ መጽሐፍ ጴጥሮስ ስለ ኃጥአን አልቅሶ ምሕረት ይጠይቃል፤ ስለ ምሕረቱ የተነገረውንም ምሥጢር ሰምተው በኃጢአት እንዳይበረቱ እንዲሰውር ይታዘዛል። ካቶ ከ1,800 ዓመት በኋላ የፈራው ይህንኑ ነው። ምቢቲ ተስፋ ያደረገውም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ።

በኪሊማኒ ወይም በኢስሊ አፓርታማ ለቅሶ የተቀመጠ ቤተሰብ ግን መጽሐፍ አያገላብጥም። እናት ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ልጁ ጴንጤ ነው፤ አባት አዲስ አበባ አርፈዋል። እናት ለአርባ ተዝካር ገንዘብ ላክ ይሉታል፤ ልጁ ለሙታን መጸለይን ቤተ ክርስቲያኑ እንደማትቀበል ያውቃልና ወደ ፓስተሩ ይደውላል። ልምድ ያለው አገልጋይ በዚህ ሰዓት ክርክር አይከፍትም። የአርባው ማዕድ ለድሆችና ለዘመድ የሚቀርብ መሆኑን፣ እናትን በኀዘን ቀን መርዳት ልጁን ከእምነቱ እንደማያወጣው ነግሮት፣ ስለ ጸሎቱ ያላቸውን ልዩነት ሌላ ቀን በእርጋታ እንዲነጋገሩ ይመክረዋል።

ገሃነምን መስበክ የሚያስፈራው የት ላይ እንደሆነ ኬንያ በ2023 በግልጽ አይታለች። በኪሊፊ አውራጃ በሻካሆላ ጫካ፣ በረኀብ ሞተው ክርስቶስን እንዲያገኙ ተሰብኮላቸዋል የተባሉ ምእመናን፣ ሕፃናት ጭምር፣ ከጅምላ መቃብር ወጡ፤ የተገኘው አስከሬን ከ400 በላይ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ በናይሮቢ ስለ መጨረሻው ዘመን የሚሰብክ ሁሉ ሰሚው በፍርሃት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቦ መናገር ግዴታው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ራሱን ያጠፋ ሰው ቀብር ነው። በኬንያ አንዳንድ ማኅበረሰቦች እንዲህ የሞተውን ከግቢ አጥር ውጭ ይቀብራሉ፤ አንዳንድ አጥቢያዎች አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ያደርጋሉ፣ ወይም ቄሱ በቀብሩ ላይ እንዳይጸልይ ይከለክላሉ። በአገራችንም ፍትሐት የተነፈገ ቤተሰብ የሚሸከመውን ኀፍረት የማያውቅ የለም። ሁለት ጊዜ የሚያዝን ቤተሰብ ነው፤ አንዴ ለሞቱ፣ አንዴ ለገሃነሙ። እዚህ ላይ ካቶሊካውያን ቀድመዋል፤ በ1992 የወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርተ ክርስቶስ በነዚህ ሰዎች መዳን ተስፋ እንዳይቆረጥ፣ ጸሎትም እንዲደረግላቸው ያዝዛል፤ የአእምሮ ሕመምና ከባድ ጭንቀት ተጠያቂነትን እንደሚቀንስም ይገልጻል።

የኬንያ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 226 ራሱን ለማጥፋት የሞከረን ሰው ወንጀለኛ ያደርግ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አንቀጹ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሽሮታል። መንግሥት በሕይወት በተረፈው ላይ ያነሣውን ክስ ቤተ ክርስቲያን በሞተው ላይ ይዛ መቆየት የለባትም። በናይሮቢም በአዲስ አበባም ደጃቸውን የዘጉ አጥቢያዎች ይክፈቱ፤ አስከሬኑ ይግባ፣ የቀብሩ ጸሎት ሳይጎድል ይነበብ፣ ፍርዱም ለባለቤቱ ይተው።